የተከደነው ሳህንሽ

ይድረስ ትንሽ ሳለሁ አፍንጫዬን ለጠረገችልኝ፣ ካደግሁ በኋላ ደግሞ ጆሮዬን ለቆነጠጠችኝ ታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጨጓራሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም የምሳ ሰዓት ሲያልፍብሽ ሰው ላይ ትጮሂያለሽ? ስፌት ቤታችሁ ያለችው የምታንኮራፋ መኪና ተጠገነች? አከራይሽስ ሳያንኳኩ መግባታቸውን ተዉ? ይህን ሁሉ ከየት አወቅህ እንዳትይኝ። ከእማዬ ጋር በስልክ ስታወሪ ጆሮዬን በር ላይ ለጥፌ ነው የምሰማሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት። የጎረቤት ድመት ደህና ናት፤ ድመቷን ለምን እንዳነሳኋት ቆይቶ ይገባሻል፣ ይቅርታ የምንጠይቃት ነገር አለ። እኔም ደህና ነኝ። እንደምታውቂኝ ጎማ እነፋለሁ፣ ጎማ እለጥፋለሁ፣ በመሃል ሰው አናድዳለሁ። አባዬ ደግሞ፣ አባዬን ቆይ። ይህን ሁሉ ወረቀት የማበላሸው በእሱ ምክንያት ነው።

በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን አንቺ "አባዬ" የሚለው ቃል ከአፌ እንደወጣ "ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። የእናንተ ከተማ ኔትወርክ በአባዬ ስም ብቻ የሚቆራረጥበትን ምክንያት አንድ ቀን ታስረጂኛለሽ። ወረቀት ግን አይቆራረጥም። ብትቀዳድጂውም እኔ የቀዳዳ ሰው ነኝ፣ መጥቼ እለጥፈዋለሁ።

ትምህርት ቤትና እኔ በሰላም እንደተለያየን ታውቂያለሽ፤ እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አልለመንኩት። ስለዚህ አጻጻፌን አይተሽ መሳቅ ካማረሽ ብቻሽን ሳቂ። ደብዳቤውን ያመጣልሽ መንገደኛ ፊት እንዳትስቂ፣ በእሱ የሳቅሽ ይመስለዋል። ሆደ ባሻ ነገር ነው።

እንግዲህ አንብቢ። እኔ እስካሁን ክው እንዳልኩ ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ "ምን ነክቶህ ነው ቀልድ ያቆምከው?" ብለው የታመምኩ መስሏቸው ብርቱካን ገዝተው መጡ። ብርቱካኑን በላሁት፣ ድንጋጤው ግን አልለቀቀኝም።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አባዬ ወፍሯል። ወፈረ ስልሽ ያው ፊቱ ሞላ ማለቴ አይደለም። ከመሪው ጋር ተጣልተዋል። የአውቶቡሱ መሪ ሆዱ ላይ እያረፈ ሸሚዙን በአንድ ቦታ ብቻ ይበላበታል፣ እማዬ እየጣፈችለት መከራዋን አየች። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ዝም ብሎ ማለፍ አልፈጠረብኝም። "አባዬ፣ ወንድ ነው ሴት?" እለዋለሁ። "አባዬ፣ ና ወደ እኛ ሱቅ፣ ትርፉን አየር በነፃ አስተነፍስልሃለሁ" እለዋለሁ። እሱም ጫማውን ይወረውርብኛል፣ ጫማው ይስተኛል፣ እንስቃለን። እንደዚህ ነበር የምንኖረው።

አንድ ቀን ግን መንገደኛ ጭኖ የትራፊክ መብራት ላይ ቆመ። አረንጓዴው በራ። ከኋላው ጡሩምባ ተነፋ። አባዬ መሪው ላይ ድፍት ብሎ ያንኮራፋል። ከኋላው የተቀመጡ ሴትዮ ናቸው ትከሻውን ነቅንቀው የቀሰቀሱት። ማንም አልተጎዳም፣ እግሩ ፍሬኑን እንደረገጠ ነበር። መኪናው እየሄደ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ በምን ቃል እንደምጽፈው አላውቅም።

መሥሪያ ቤቱ ሐኪም ቤት ላከው። ሐኪሙ ደሙን ለካ፣ ስኳሩን ለካ፣ ሌሊት ሲተኛ ትንፋሹ እየቆመ እንደሚመለስና ቀን የሚደፋውም ለዚህ እንደሆነ ነገረው። ከዚያ "ክብደትህ ካልወረደ የመንጃ ፈቃድህን የጤና ወረቀት አልፈርምም፤ በሚቀጥለው ምርመራ እንደዚሁ ከመጣህ ደግሞ መሪ የሚባል ነገር እርሳው" አለው። እስከዚያው ድረስ የአውቶቡሶቹ ግቢ በር ላይ አስቀመጡት። አስቢው እስኪ እታለም። እኔና አንቺ ሳንወለድ ጀምሮ መሪ የጨበጠ ሰው፣ ትናንት እሱ ያሰለጠናቸው ልጆች ጡሩምባ ነፍተው ሲወጡ ሰንሰለት ያወርድላቸዋል። ማታ ሲመጣ እጁን ይታጠባል፣ ይቀመጣል፣ ጫማ መወርወሩን ተወ። ያኔ ነው እኔም መፍራት የጀመርኩት።

ሐኪሙ ክብደት መቀነስ የሚያስተምሩበት ክፍል መራው። ጤና ጣቢያው ጓሮ ያለች፣ አንድ ሚዛን፣ ጥቂት ወንበርና የማይዘጋ መስኮት ያላት ክፍል ናት። ደንቡ እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ አንድ ደጋፊ ይዞ መምጣት አለበት፤ ብቻውን የሚታገል ሰው ቶሎ ይሰለቻል ይላሉ። እማዬ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ደህናውን ጫማ አደረገች። አባዬ "አንቺ አይደለሽም፣ ልጁ ይምጣ" አላት። እማዬ ቆማ ቀረች። ቀስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፋሁ፤ ቀልዴን ወዶት የመረጠኝ መስሎኝ። ያኔ ለምን እሷን እንደተዋት ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ እዚያው በር ላይ እቀመጥ ነበር።

የምታስተምረው ነርስ ገና ወጣት ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ። እኔ "ደረጃ" የሚል ስም አውጥቼላታለሁ፣ ምክንያቱም ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር አምስት መስመር ለጥፋለች። የመጀመሪያው "አላሰብኩበትም"፣ ቀጥሎ "እያሰብኩበት ነው"፣ ከዚያ "እየተዘጋጀሁ ነው"፣ ከዚያ "ጀምሬያለሁ"፣ መጨረሻው ግድግዳው ሥር "ጸንቻለሁ" ይባላል። ሰው ጠባዩን የሚለውጠው በአንድ ዝላይ አይደለም ትላለች፤ በእነዚህ ላይ እየተራመደ ነው፣ ተመልሶ ወደ ኋላ ቢወርድም አይፈረድበትም። ሁሉም ሰው እንደመጣ ያለበት መስመር ላይ ሄዶ ይቆማል። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ እኔ እትዬ እርሾ የምላት፣ "እየተዘጋጀሁ ነው" ላይ ቆማ በከረጢቷ ውስጥ ብስኩት ታኝካለች። አባዬ በቀጥታ ሄዶ የመጀመሪያው ላይ ተገተረ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ልክ ፖሊስ እንዳስቆመው።

በሳምንቱ ቀደም ብዬ ገባሁና ፕላስተሩን ሁሉ ነቅዬ ቦታ አቀያየርኩት። አባዬ የለመደበት ቦታ ሄዶ ሲቆም "ጸንቻለሁ" ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ደረጃ አልተቆጣችም። "ደጋፊ መስመሩን ማንቀሳቀስ ይችላል፣ ሰውየውን ግን የራሱ እግር ነው የሚያንቀሳቅሰው" ብላ ፕላስተሩን መልሳ እኔኑ አስለጠፈችኝ። ከዚያ ጎተት አድርጋ ወሰደችኝና ሰው በስድብ እንደማይከሳ፣ "እችላለሁ" ብሎ በራሱ ካላመነ ምንም እንደማይጀምር፣ ስለዚህ በሆዱ መቀለድ ማቆም እንዳለብኝ ነገረችኝ። በቃ፣ አባዬ ከዳቦ እኔ ከቀልድ ተከለከልን። ማን የበለጠ እንደተራበ አትጠይቂኝ።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አባዬ የተባለውን ሁሉ ያደርግ ነበር። ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፣ ፊቱን እንደ ጨርቅ እየጨመቀ። በሥራ ቦታው ግቢውን ይዞራል። ራት ላይ ሩዙ ሲጨመርለት እጁን ሳህኑ ላይ ይጋርዳል። ደረጃ ምን እንደበላ ስትጠይቀው ቁርሱን፣ ምሳውን፣ ራቱን ይነግራታል፣ እኔም አጠገቡ ሆኜ እመሰክራለሁ። አንድም የተዋሸ ነገር አልነበረበትም። ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ምርመራው እየቀረበ ነው፣ ሚዛኑ ደግሞ እንደ አባዬ ግትር ሆነ። ደረጃ ራሷ ግራ ገባት። ሚዛኑን በእኔ ሞከረችው፣ እኔን በትክክል መዘነኝ፤ ቀላል ሰው መሆኔን አረጋገጠ።

እዚህ ላይ አንድ የማታውቂውን ነገር ልንገርሽ።

የወጣሽ ቀን አባዬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ታስታውሺያለሽ። ከማስታወስ አልፈሽ እንደ ስፌት መርፌ ይዘሽው እንደምትዞሪ አውቃለሁ። "ከዚህ በር ከወጣሽ ሳህንሽ ከዚህ ጠረጴዛ ይነሳል" ነው ያለሽ። አንቺም ወጣሽ። ሳህንሽ ግን አልተነሳም እታለም። ያ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው፣ በአንድ በኩል ቀለሙ የተላጠው፣ እኔ ከበሮ አደርገዋለሁ ብዬ ያጣመምኩት። እማዬ ማታ ማታ እንደ ማናችንም ድርሻ ታወጣበታለች፣ ትከድነዋለች፣ ማድ ቤት መስኮቱ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። "ምናልባት አምሽታ ብትመጣ" ነው የምትለው። በስልክ ስታናግርሽ ይህን አትነግርሽም፣ ጫና እንዳይሆንብሽ ነው። ሲነጋ ሳህኑ ባዶ ይሆናል።

እኔ ለጎረቤት የምትሰጠው ይመስለኝ ነበር። እሷ ደግሞ የምበላው እኔ መስያት ነበር። "የእህትህን ድርሻ እንኳ አታልፍም፣ አንተ ሆዳም" እያለች በጠዋት ትወርድብኛለች። እኔስ ምን አልኩ? ምንም። ሆዴን እየደባበስኩ "ጨው ያንሰው ነበር" አልኳት። ሌባ መባል ቀልድ መስሎኝ። በኋላ ግን ሌባውን ማወቅ አማረኝ። ድመቷን ጠረጠርኩ። አንድ ማታ ምግቡ ሥር የሚያቃጥል ቃሪያ ፈጭቼ ደበቅሁና ጠዋት የድመቷን ጩኸት ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ ተኛሁ። ድመቷ ደህና አድራ ግንብ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። አባዬ ግን ዓይኑ ደም መስሎ፣ አፍንጫው እየወረደ ለሥራ ወጣ። "ምን ሆነህ ነው?" ስለው "ብርድ መታኝ" አለኝ። እኔም ሞኙ "ጉንፋን ይዞሃል፣ ትኩስ ነገር ጠጣ" ብዬ መከርኩት። አየሽ የወንድምሽን ብልጠት።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ። ጎማ ሲሽከረከር እንዳይንቀጠቀጥ ጠርዙ ላይ የምንመታት ትንሽ የእርሳስ ብረት አለች፣ ጣት የምታህል፣ ስታነሺያት ግን ክብደቷ የሚያስደነግጥ። አባዬ ሲመዘን ኮቱን አያወልቅም፣ ሆዱ ይታያል ብሎ ያፍራል፤ ደረጃም ሁልጊዜ በዚያው ኮት እስከተመዘነ ድረስ ግድ የለም ብላዋለች። እኔ ደግሞ ከቀልድ ጾሜ ቆይቼ ጠንቶብኛል። ጠዋት ከሱቅ እፍኝ እርሳስ ዘግኜ በኮቱ የውስጥ ኪስ ጨመርኩ። ሐሳቤ ሚዛኑ ሲዘል ሁሉም ይደነግጣሉ፣ እኔ እጄን ሰድጄ እርሳሶቹን አንድ በአንድ እንደ አስማተኛ አወጣለሁ፣ አባዬ ጫማውን ይወረውርብኛል፣ እንደ ድሯችን እንስቃለን ነበር። ያን ጫማ ናፍቄው ነበር እታለም።

ሚዛኑ ላይ ወጣ። ቁጥሩ ወደ ላይ ሄደ። እትዬ እርሾ "ውይ" ብላ አፏን ያዘች። ደረጃ ፊቷን እንኳ አልቀየረችም። እዚያ ክፍል ሁልጊዜ የምትጠይቀው ሦስት ጥያቄ አላት፦ ምን ቀሰቀስዎት፣ ምን አደረጉ፣ ምን አገኙበት። ሰው የሚበላው ሁልጊዜ ስለራበው አይደለም፣ ከመብላቱ በፊት የሚቀሰቅሰው ነገር አለ፣ ከበላ በኋላ የሚያገኘው እፎይታ አለ፣ ያንን ሰንሰለት ካላወቅን ምንም ብናደርግ አንለወጥም ትላለች። እና በዚያ ዝግ ባለ ድምጿ "አባባ፣ በዚህ ሳምንት የተለየ ነገር ነበር?" አለችው።

እጄን ወደ ኪሱ ሰድጄ ነበር። አባዬ አመድ መስሏል። ከሚዛኑ አልወረደም፣ ቁጥሩን ቁልቁል እያየ "ሁለት ሳህን ነው የምበላው" አለ።

እጄ አየር ላይ ቀረ።

"ሁለተኛው የልጄ ነው" አለ። እማዬ ማታ ማታ እንደምታስቀምጠው ተናገረ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል እማዬ ክዳኑን ከፍታ፣ ምግቡ እንደተሞላ አግኝታው፣ ሳህኑን ደረቷ ላይ ይዛ ስታለቅስ በበሩ ሽንቁር አይቷታል። "ግባና አባብላት አልኩ ለራሴ፤ በምን አፌ? ሳህኑ ይነሳል ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሷ በፊት ይነሳል። ጫማውን በእጁ ይዞ ማድ ቤት ይገባል፣ ክዳኑን ያነሳል፣ ቆሞ፣ የቀዘቀዘውን፣ ሁሉንም ይበላል። ደረጃ ለምን እንዳልደፋው ጠየቀችው። ዓይኗን ቀና ብሎ አየና "የልጄን ምግብ እንዴት እደፋለሁ?" አላት። "ባዶ ስታገኘው ልጁን ትቆጣለች። ስትቆጣ ደግሞ አታለቅስም" አለ።

ይኸውልሽ ሰንሰለቱ። የሚቀሰቅሰው ክዳኑ። የሚያደርገው መብላት። የሚያገኘው እማዬ ሳታለቅስ መዋሏ። ደረጃ እስክሪብቶዋን ከድና አስቀመጠች። እትዬ እርሾ ብስኩቷን ከአፏ አውጥታ በመሐረብ ጠቀለለችው። እኔን አትጠይቂኝ። የሁለት ሰው ድርሻ ተሸክሞ ሲዞር እኔ ወንድ ነው ሴት እያልኩ ስቄበታለሁ።

ደረጃ በኋላ ነገሩ እንዴት እንደሚፈታ ነገረችው። ቀስቃሹን ከዓይን ማራቅ ነው፤ ለእማዬ ነግሮ ሳህኑ እንዳይቀመጥ ማድረግ። አባዬ ከሚዛኑ ወረደ፣ ወደ ወለሉ ሄደ፣ ሰሞኑን የሚቆምበትን "ጀምሬያለሁ" ትቶ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ "አላሰብኩበትም" ላይ ቆመ። "ሳህኑ አይነሳም" አለ። "ፈቃዱ ይቅር።"

መንገድ ላይ እርሳሶቹን ነገርኩት። ቆመ። ከኪሱ አንድ በአንድ አወጣቸው፣ በመዳፉ ይዞ አያቸው፣ እኔ ጥፊዬን ለመቀበል ጉንጬን አዘጋጀሁ። መዳፉን ጨብጦ "አንተ ጉድ" ብቻ አለኝ። ቀጥሎ "ለእናትህ ትነግራትና ውርድ ከራሴ" አለኝ። ምያለሁም።

መሐላዬንም አላፈረስኩም፣ ምስክሬ ፈጣሪ ነው። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ዝም ማለት ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት እማዬ እንደ ወትሮዋ ባዶውን ሳህን ይዛ መጣችብኝ። "ዛሬም ጠረግከው አይደል?" አለችኝ። እኔ ዝም። "ጨው አነሰው አትልም?" አለችኝ። ዝም። እታለም፣ እኔ ተወልጄ ዝም ብዬ አላውቅም፤ ዝምታዬ ጮኾ ነገራት። ሳህኑን አየች። በሩ ኋላ የተሰቀለውን የአባዬን ኮት አየች። የተጣፈውን ሸሚዝ አየች። ከዚያ ሳህኑን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። ማታ ግን እንደ ልማዷ ድርሻሽን አውጥታ ከደነችው። ደነገጥኩ። ምንም ያልገባት መሰለኝ።

ሳይነጋ ተነስቼ በሩ ሥር ተደበቅሁ። ይኼ እንኳ ልማዴ ነው። አባዬ ጫማውን በእጁ ይዞ በጣቱ እየረገጠ ማድ ቤት ገባ። እማዬ ተቀምጣ ነበር። ሳህኑ ፊቷ፣ ክዳኑ ተነስቷል፣ ሁለት ማንኪያ። አባዬ እንደ ተያዘ ሌባ ደርቆ ቀረ፣ አንደኛው ጫማ ከእጁ ወደቀ። እማዬ "ቁጭ ብለህ ብላ፣ ቆሞ መብላት ለጨጓራ አይሆንም" አለችው። ተቀመጠ። ለምን እንዳልነገራት ጠየቀችው። እሱም ለምን ማስቀመጧን እንዳላቆመች ጠየቃት። "አይነሳም የሚል ቃል ከአፍህ እስክሰማ ነው" አለችው። ከዚያ አባዬ፣ ያ ቃሉን የማያጥፈው አባዬ፣ "ይነሳል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሲነሳ ማየት ያልቻልኩትም እኔው ነኝ" አላት። ከዚያ የሰማሁት የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። እኔም በሩ ሥር የሚያቃጥል ቃሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባ ይመስል ዓይኔን ሳሽ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክብደቱ መውረድ ጀምሯል። ቀልድ አይደለም፣ እርሳስም የለበትም። ቀበቶው ስለሰፋው በሱቁ መብሻ አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት፤ ትንሽ ጠመመብኝ፣ ሆን ብዬ እንዳይመስልሽ። ወለሉ ላይ አሁን ማንም ፕላስተር ሳይነካ "ጀምሬያለሁ" ላይ ነው የሚቆመው። ደረጃ በዚሁ ከቀጠለ በምርመራው ቀን ሐኪሙ ይፈርማል የሚል ተስፋ አላት፤ ነገር ግን መጀመር አንድ ነገር ነው፣ መጽናት ሌላ ነው ትላለች። የለመዱት ነገር የሚመለሰው ሰው ሲያዝን ነው አለች። ያንን ስትል እኔንና አባዬን አይታ፣ በቤት ውስጥ ሌላ ደጋፊ እንዳለ ጠየቀችን። እኔና አባዬ ተያየን።

ሳህኑ ማታ ማታ ምግብ አይወጣበትም። አልተነሳምም ግን። እማዬ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ በአንገት ልብሷ ጠቀለለችው። "ባለቤቷ ዘንድ ይሂድ፤ እሷ ታውቅበታለች" አለች። በማን እንላከው ስንባባል አባዬ ኮቱን ፍለጋ ተነሳ።

አሁን ስለ መንገደኛው ልንገርሽና ላብቃ። ደብዳቤውንና ጥቅሉን የሚሰጥሽ ሰው ብዙ አይናገርም። በራፍ ላይ ቆሞ "አደራ ነው" ይላል፣ አይገባም። እንደቸኮለ፣ መኪናው ሊነሳ እንደሆነ ይነግርሻል፤ ውሸቱን ነው፣ ጠይቄያለሁ፣ እስከ ነገ ጠዋት የሚመለስ አውቶቡስ የለም። መንገዱን ሙሉ እንደ መንገደኛ ተቀምጦ እግሩ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ስለመጣ ቀኝ እግሩ ዝሎበታል፣ ወንበር ስጪው። ኮቱን አያወልቅም። ከበደ ከመሰለሽ የውስጥ ኪሱን ፈትሺ፤ ስንሰነባበት ማቀፌ አይቀርም፣ እኔን ታውቂኛለሽ። የቀበቶውን ቀዳዳ አይተሽ ማን እንደበሳው አትጠይቂው። ራት አቅርቢለት፣ አንድ ሳህን ብቻ፤ ሁለተኛ እንዳትጨምሪለት፣ አስተማሪዋ ትቆጣናለች። እና እባክሽ እታለም፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው እንዳትዪው። ሰውዬው በር ላይ ነው ያለው።

ሳህኑን ግን ለእሱ መልሰሽ አትስጪው። ራስሽ ይዘሽው ነይ።

መንገድሽን ፈጣሪ ያቅናው፤ ክርሽ አይበጠስ፣ መርፌሽ አይሰበር። የእማዬ ምርቃት ከእኔ ይበልጣልና እሷ ያለችውን ሁሉ አሜን በይ፤ ብዙ ስለሆነ ወረቀቱ አይችለውም።

ያለ ጥፋቱ ሌባ ተብሎ የኖረው፣
ታናሽ ወንድምሽ